ሁለት ሜትር ከሰማንያ

መኪናዋ ሲጮህ ማንም «ቀንሺው» ብሏት አያውቅም። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የልብስ ስፌት መኪናዋ በዚያች ክፍል ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ሲንጫጫ፣ ጠረጴዛው ሲርገበገብ፣ መስታወቱ ጥግ የተሰካው ፎቶግራፍ በየሳምንቱ እየተንሸራተተ ሲወድቅ፣ ከስሱ የጣውላ ግድግዳ ማዶ የተኛው ባሏ አንድ ቀን እንኳ ተገላብጦ አያውቅም። ሬዲዮ የከፈተች ዕለት ግን፣ ያውም ድምፁ ከዝንብ የማይበልጥ፣ ግድግዳው አፍ ያወጣል። «ቀንሺው» ይላል። በቁጣ ቢሆን ደግ ነበር፤ ቁጣ መልስ አለው። የባሏ ቀንሺው ግን እንቅልፍ የተጫነው፣ ለስለስ ያለ፣ ይቅርታ የሚመስል ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ቃል ምን ብለው ይመልሱታል? ትቀንሳለች። ደግሞ ትቀንሳለች። የሚቀነስ ሲያልቅ ትዘጋዋለች።

ባሏ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ከምድጃ ፊት ቆሞ ያነጋና ከተማው ቁርሱን ሊቀምስ ሲነሳ እሱ ጫማውን አውልቆ ይተኛል። ሊጥ በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ «ዛሬ ውሃ በዝቶበታል» የሚል፣ ብሎም የማይሳሳት ሰው ነው። ልብስ ሰፊዋ ሙያ ያለው ሰው ታከብራለች፤ ያገባችውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ቅሬታዋን ለማንም አውጥታ አታውቅም። ባሌ ዘፈን ከለከለኝ ብትል ይስቁባታል፤ ደግሞም አልከለከላትም። ብቻ መኪናው ስራ ነው፣ ዘፈኑ ጨዋታ ነው፤ ስራ የተኛ ሰው አይቀሰቅስም፣ ጨዋታ ይቀሰቅሳል። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ በዚያ ቤት ግን ከግድግዳው ይልቅ የጸና ነበር።

የሰፈሩ ሰው «አይተረተሬ» ይላታል። አንድም የሰፋችው ነገር አይተረተርም፤ ሱሪው ያልቅና ስፌቱ ብቻ ይቀራል። አንድም አንድ ጊዜ የያዘችውን ሐሳብ መፍታት በመቀስም አይሆንም። ትምህርቷ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ቁጥር ግን ታውቃለች፣ ልኬት ታውቃለች፣ የሰውን ትከሻ አይታ የትኛው እንደሚያዘነብል ትናገራለች። ይህቺ ሴት ከሁለት ወር በፊት ክርና ቁልፍ ልትገዛ ስትሄድ ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች፤ ድምፅ ማጉያው ከጉልበቷ አጠገብ ነበር። ሾፌሩ አንድ የቆየ ዘፈን ከፈተ። ዘፈኑን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፣ ቢያንስ የምታውቀው ይመስላት ነበር። ያን ቀን ግን ከዘፋኙ ድምፅ ስር አንድ ሰው ሲሄድ ሰማች። አይቸኩልም፣ አይዘገይም፤ ዘፋኙ ሲወጣ እሱ ታች ሆኖ ይጠብቀዋል፣ ዘፋኙ ሲደክመው ትከሻውን ይሰጠዋል። ቤዝ ጊታር እንደሚባል ኋላ ነው የነገሯት። እሷ ግን ወዲያው አወቀችው፤ ገበር ነው። ኮትን ኮት የሚያሰኘው የላዩ ጨርቅ አይደለም፣ ገበሩ ነው። ገበር ካልተስማማ ሺህ የወጣበት ሱፍ ትከሻ ላይ አይቀመጥም፤ ሲስማማ ደግሞ ማንም አይቶት አያመሰግነውም። ዕድሜዋን ሙሉ ገበር ስትሰፋ የኖረች ሴት እዚያ ታክሲ ውስጥ የማታውቀው ወንድም እንዳላት የተነገራት ያህል ሆነባት። መውረጃዋን አለፈችው።

ቤቷ ገብታ ያንኑ ዘፈን በስልኳ ከፈተች። ዘፋኙ አለ፤ የሚሄደው ሰውዬ የለም። ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጥፋ ሰማች፤ የለም። ልጇን ጠየቀቻት። ልጇ መድኃኒት ቤት ገንዘብ ተቀባይ ናት፣ ለስልክ ነገር የቤቱ አዋቂ እሷ ናት፤ የስልክ ድምፅ ማጉያ ጥፍር እንደማታህል፣ ወፍራም ድምፅ እንደማይወጣላት፣ እሱን ለመስማት ደህና ማዳመጫ እንደሚያስፈልግ ነገረቻት። «ግን እማዬ፣ ያው ዘፈን ነው» አለች። ያው አይደለም። ሰፊዋ ግን አልተከራከረችም፤ ደህና ማዳመጫ የምትለውን ቃል ብቻ ከሌላው ንግግር ቆርጣ አስቀመጠች።

ነገሩ የፈነዳው በአንድ የረቡዕ ጠዋት ነው፤ ፈነዳ ከተባለም፣ ማንም ድምፁን ከፍ ስላላደረገ። መኪናዋ ላይ የክሊኒክ መጋረጃ ዘርግታ መርፌ ውስጥ ክር ስታስገባ ከግድግዳው ማዶ ልጇ ከአባቷ ጋር ስታወራ ሰማቻት። ልጅ ወደ ስራ ልትወጣ ጸጉሯን ታበጥራለች፣ አባት ከስራ ገብቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ጫማውን ይፈታል። እናቷ ሰሞኑን ማዳመጫ ልግዛ ማለቷን በሳቅ ነገረችው። ከዚያ ያለ ምንም ክፋት፣ እንዲያውም በማሰብ «ለእሷ ምን ያደርግላታል? የእኔን አሮጌውን እሰጣታለሁ። አንዱ ጆሮው አይሰራም እንጂ ደህና ነው» አለችው። ሰፊዋ ክሩን በጣቷ እንደያዘች ጠበቀች። ባሏ አንድ ነገር ይላል ብላ ነው። የሰማችው አንድ ጫማ መሬት ላይ ሲወድቅ ነው። ቀጥሎ ሁለተኛው ጫማ ወደቀ። ከዚያ አልጋው ጮኸ፤ ሰውየው ተኛ።

አንድ እጅጌ ያለው ኮት ለሰው ሰጥታ አታውቅም። ክሩን ለቀቀች፣ ሻሿን አሰረች፣ ከመደርደሪያው ቆርቆሮ ሦስት ሺህ አወጣች። ለራሷ ብቻ የሚሆን ነገር ገዝታ አታውቅም። ምጣዱ የቤት ነው፣ ብርድ ልብሱ የቤት ነው፣ ባለፈው ዓመት ለራሷ የሰፋችውን ካፖርት እንኳ ልጇ ናት የምትለብሰው። ማዳመጫን ግን ሁለት ሰው አይለብሰውም። ይህን ስታስብ ትንሽ አፈረች፣ ወዲያውም በማፈሯ ተናደደች። ልጇ በሩ ላይ ቆማ ወዴት ነው ብትላት ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ወጣች። መለኪያ ሜትሩን ከአንገቷ ላይ ማውረዷን ረስታ ነበር።

ዋናው መንገድ ላይ ያለው ሱቅ ፊቱ ሁሉ መስታወት ነው። ማዳመጫዎቹ እንደ ኮፍያ በእንጨት ራስ ላይ ተሰቅለዋል፤ ስምንት ሺህ፣ ስድስት ሺህ አምስት መቶ፣ ጥጉ ላይ ያሉት ደግሞ ዘጠኝ መቶ። ሱፍ የለበሰ ሻጭ ፈገግ ብሎ መጣና ለልጃቸው እንደሆነ ጠየቀ። «ለጆሮዬ ነው» አለችው። ሰውየው ደንገጥ ቢልም ስራውን አልረሳም፤ ገመድ የሌለው፣ በሚነሳና በሚወርድ መብራት የሚያብረቀርቅ አንዱን አንስቶ ራሷ ላይ ጫነላት፣ የራሱን ዘፈንም ከፈተ። በርሜል ጭንቅላቷ ውስጥ ተንከባለለ። የራሷን ዘፈን እንዲከፍትላት አስገደደችው። ያ የምትፈልገው ሰውዬ መጣ፤ ግን ግዙፍ ሆኖ፣ ባለ ብረት ጫማ ሆኖ መጣ። ዘፋኙን ረግጦት ያልፋል። ሻጩ «ቤዙ ኃይለኛ ነው አይደል?» እያለ በኩራት ያያታል። አወለቀችው።

«ገበሩ ወጥቷል» አለችው።

ሻጩ ጎንበስ ብሎ ኮቱን አየ። እውነትም ከግራ ጎኑ ገበሩ ተተርትሮ ሁለት ጣት ያህል ተንጠልጥሏል፤ ፊቱ ቀላ። እሱም እንደወጣ፣ እሷ ግን ያለችው ዘፈኑን እንደሆነ ነገረችው። ከሻሿ ጫፍ መርፌ ቁልፍ ነቅላ የኮቱን ገበር ያዝ አደረገችለትና ወጣች። ሰውየው ለራሱ ኮት አመስግኗት፣ ስለ ማዳመጫው ምን ማለቷ እንደሆነ ሳይገባው ቀረ።

ከገበያ አዳራሹ ጀርባ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው በጎኑ ካልሆነ የማይገባባት የአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ሱቅ አለች። ጠጋኙ ሰባ ዓመት የዘለሉ ሽማግሌ ናቸው። ማጉያ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ አዩዋትና «ነይ ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሏት። ሃምሳ ሊሞላት ነው፤ ልጄ ብሎ የጠራት ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ተቀመጠች። ሽማግሌው ማዳመጫ አላነሱም፣ ዋጋም አልተናገሩም። በመጀመሪያ የምትሰማው ምን እንደሆነ ጠየቋት፤ ቀጥለው የት ተቀምጣ እንደምትሰማ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቤት ውስጥ የሚተኛ ሰው አለ?» አሉ። ሰፊዋ ቀና ብላ አየቻቸው። ልኬት የሚወስድ ሰው ፊት መቀመጧ ያን ጊዜ ነው የገባት። እሷም እንዲሁ ናት፤ ጨርቅ ከመንካቷ በፊት ለማን ነው፣ የት ነው የሚለበሰው፣ ተቀምጦ ነው ቆሞ ትላለች። ለማንም ያልነገረችውን ነገር ለኚህ ለማታውቃቸው ሰው ነገረች፤ ስለ መኪናው፣ ስለ ጣውላው ግድግዳ፣ ስለ ቀንሺው፣ ታች ስለሚሄደው ሰውዬ። ሽማግሌው አልሳቁም። ጨርቅ አወጡና የሁለት ማዳመጫዎችን ትራስ በጥንቃቄ ወለወሉ።

የመጀመሪያው ጀርባው እንደ ወንፊት የተበሳሳ፣ ቀላል፣ ጆሮ ላይ እንደሌለ የሚያርፍ ነው። ዋጋው ሦስት ሺህ፣ በቦርሳዋ ያለው ሁሉ ማለት ነው። ዘፈኑ ተከፈተ። ዘፋኙ ከመጀመሩ በፊት አየር ሲስብ ሰማች። አርባ ዓመት በምታውቀው ዘፈን ውስጥ ሰውየው እንደሚተነፍስ አታውቅም ነበር። ከዚያ ያ ሰውዬ መጣ። መጠኑን ሳያልፍ፣ ቦታውን ሳይለቅ፣ በባዶ እግሩ ምንጣፍ ላይ እንደሚሄድ ሰው መጣ፤ ጣቱ ከአንዱ ክር ወደ ሌላው ሲንሸራተት ሲጥ የምትል ትንሽ ድምፅ እንኳ ትሰማለች። ለካ እሱም በክር ነው የሚሰራው። አንድ ቦታ ላይ፣ ሌሎቹ ሁሉ ዝም ሲሉ፣ ሁለት እርምጃ ብቻውን ይሄዳል፤ ማንም እንዲያየው ሳይሆን መንገዱ እንዳይቋረጥ። ሰፊዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ዘፈኑ ሲያልቅ የሰውየውን ስም ጠየቀች። ሽማግሌው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ እሳቸውም ፈልገው አላገኙትም፤ የሸክላው ሽፋን ላይ የዘፋኙ ስም እንጂ የእሱ አልተጻፈም። ይህ አልገረማትም። እሷ የምትሰፋውን ኮት ሱቆቹ የየራሳቸውን ምልክት እየለጠፉ ነው የሚሸጡት። ግን ሰውየው ስሙ እንደማይጻፍ እያወቀ ያን ሁለት እርምጃ እንደዚያ አስተካክሎ መሄዱ ደረቷን ሞላው።

ልትገዛው ነበር። ከራሷ ስታወልቀው ግን እንደገና የጀመረው ዘፈን ሱቁ ውስጥ ቀረ። እጇ ላይ ሆኖም ይዘፍናል። ሽማግሌው እንዳዩት ሁሉ «እሱ ምስጢር አይችልም፤ የሰማውን ለጎረቤት ያወራል። ድምፁ ያማረውም ስለሚተነፍስ ነው» አሏት። ሁለተኛውን አቀረቡላት። ጥቁር፣ ድፍን፣ ከበድ ያለ፣ የድምፅ ባለሙያዎች የሚሰሩበት ዓይነት፣ ያገለገለ፣ ረጅም ገመድ ያለው፤ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ። የቆዳ ትራሱን አገላብጣ አየችው፤ ልብስ ስትገዛም ውስጡን ነው የምታየው። ስፌቱ የፋብሪካ አይደለም፣ የእጅ ነው። ማን እንደሰፋው ጠየቀች። ሽማግሌው እንደተያዘ ሰው ሳል ሳል አሉና እሳቸው እንደሆኑ ተናገሩ፤ የድሮው ትራስ ተቀዶ ነበር። «እጅዎ አይከፋም» አለቻቸው። «ክሩ ግን ስስ ነው፣ ዓመት አይቆይም። እኔ እደርበዋለሁ።» ሽማግሌው ሳቁ። ጆሮ ዳባ ልበስ ሲባል ሰምተው እንደነበር፣ ለጆሮ ዳባ የሚሰፋ ሰው ሲያዩ ግን የመጀመሪያቸው እንደሆነ ነገሯት።

ራሷ ላይ አደረገችው። ክፍሉ ጠበብ አለ፤ ያ የመጀመሪያው አዳራሽ ከነበረ ይሄ ጓዳ ነው። ሰውዬው ግን አለ። ገበሩ ቦታው ላይ ነው። አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው፤ እሱንም በሰው ቃል አታምንም። ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች። ከመኪናዋ ወንበር እስከ ባሏ ትራስ ሁለት ሜትር ከሰማንያ ነው፤ አንድ ቀን እሱ በሌለበት ለክታዋለች፤ አስራ ዘጠኝ ዓመት ያቃጠለ ነገር ይለካል። የሜትሩን አንድ ጫፍ ለሽማግሌው አስያዘቻቸው፣ አንድ ከሃምሳው ላይ ወለሉን በጠመኔ ምልክት አደረገች፣ ከዚያ አንድ ከሠላሳ ጨምራ በሩ ደፍ ላይ ደረሰች። በመጀመሪያ ወንፊቱን ሽማግሌው ራስ ላይ አስደረገችና አዳመጠች፤ ዘፋኙ በደንብ ይሰማል፣ ባሏ ቢሆን ነቅቷል። ከዚያ ጥቁሩን። ጀርባዋን ሰጥታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ትንፋሿን ይዛ ቆመች። የግድግዳው ሰዓት ይሰማል። ከውጭ ጋሪ ያልፋል። ከሽማግሌው ምንም አይመጣም፤ ዞር ስትል ግን እግራቸው ወለሉ ላይ ቀስ እያለ ይመታል።

በዚያ ከተማ ከእሷ ጋር ዋጋ ተከራክሮ ያሸነፈ ነጋዴ የለም። ያን ዕለት ሁለት ሺህ ሁለት መቶውን ቃል ሳትናገር አስቀመጠች። ሽማግሌው ገመዱ ከመኪናዋ መርገጫ ጋር እንዳይጠላለፍ አስጠንቅቀው፣ እስከ በሩ ድረስ ሸኟት፤ በሩ ከሦስት እርምጃ አይርቅም እንጂ።

ቤት ስትደርስ ከሰዓት ሆኖ ነበር። ልጇ ስራ ናት። ከጣውላው ማዶ የባሏ ትንፋሽ ይሰማል፣ ከባድና እኩል፣ እሱ ራሱ እንደሚያቦካው ሊጥ። መጋረጃው እንደተዘረጋ ጠብቋታል፤ ለነገ ጠዋት የተባለ ነው። ማዳመጫውን ሻሿ ላይ ደረበች፣ ገመዱን በወገቧ ዙሪያ አሳለፈች፣ ዘፈኑን ከፈተችና መርገጫውን ረገጠች። በዚያች ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀንሺው የማይደርስበት ቦታ ተቀመጠች። ሰውዬው መጣ። እሱ ይሄዳል፣ ጨርቁ ይሄዳል፤ እንዲህ ያማረ ስራ ሰርታ የምታውቅ አልመሰላትም። ዘፈኑን ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። አራት ሜትር መጋረጃ ጠርዙን ቀጥ አድርጋ ጨረሰች፣ ሥራዋን ልታደንቅ ጨርቁን አንስታ ወጠረችው።

ስፌቱ በእጇ ላይ ተለቀቀ። ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ፣ አራቱም ሜትር፣ አንድም ቦታ ሳይይዝ እንደ ጸጉር ወረደ። የላዩን ክር ከስር የሚይዘው የታችኛው ክር ካለቀ ቆይቷል። አይተረተሬ የተባለችው ሴት አራት ሜትር ሙሉ ያለ ታች ክር ሰፍታለች። የታችኛው ክር ሊያልቅ ሲል የመኪናው ድምፅ ይቀጥናል፤ አስራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን አምልጧት አያውቅም፣ ከእንቅልፏ ቢያስነሷትም ታውቀዋለች። ዛሬ አልሰማችውም። የላዩን ክር በጣቷ ይዛ አየችው። መኪናውን አየችው። ለካ ዘፈን የሚከለክላት ባሏ ብቻ አልነበረም፤ መኪናው ደግሞ ቀንሺው እንኳ ሳይላት ጆሮዋን በሙሉ ወስዶት ኖሯል። ሁለቱ በአንድ ጆሮ አይሰፉም። አንደኛው ዝም ማለት አለበት።

እግሯን ከመርገጫው አነሳች። መኪናው ቆመ። ጨርቁን ወደ ጎን አጠፈችው። ከዚያ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ የት እንደምታደርጋቸው ለጊዜው ጨንቋት ነበር፣ በዚህ ወንበር ላይ ባዶ ሆነው አያውቁማ። ዘፈኑን ከመጀመሪያው ከፈተች። ዘፋኙ አየር ሳበ። ሰውዬው ከታች ተነሳ። ወንበሩ ላይ ደገፍ አለችና ዓይኗን ጨፈነች፤ ሌላው ሁሉ ዝም የሚልበት፣ እሱ ብቻውን ሁለት እርምጃ የሚሄድበት ቦታ እስኪመጣ ጠበቀችው።

ዓይኗን ስትገልጥ የጣውላው በር ተከፍቷል። ባሏ በካልሲ ቆሟል፣ ጸጉሩ በአንድ ጎን ተኝቷል፣ ፊቱ ላይ የትራሱ ጥለት ታትሟል። መኪናው ሲጮህ አስራ ዘጠኝ ዓመት የተኛ ሰው መኪናው ዝም ሲል ነቃ። መኪናውን አየ፣ የታጠፈውን ጨርቅ አየ፣ ከዚያ ጭኗ ላይ ያሉትን እጆቿን አየ፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል እነሱ ላይ ቆየ። አፉ ተንቀሳቀሰ። ሰፊዋ ከአንዱ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫውን ገለጥ አደረገች።

«ምነው፣ መኪናው ምን ሆነ?» አላት፣ በዚያው ለስላሳ ድምፁ።

«ቀነስኩት» አለችውና ጆሮዋን መልሳ ሸፈነች።